ስለ ትንሽ ምክንያትና ስለ ትልቅ ፍጻሜ

የሰው ልጅ በዚህ ዓለም ሲኖር ደጋግሞ የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህ ነገር ለምን ሆነ?» የሚለው ነው። እህሉ ሲሰምርለት፥ ልጁ ሲታመምበት፥ ቤቱ ሲቃጠልበት፥ ንግዱ ሲከናወንለት ምክንያቱን ሳይፈልግ አያድርም። የሚሰጠውም መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት ወገን በአንደኛው ይወድቃል። አንደኛው ወገን «ሁሉ አስቀድሞ ተጽፏል፤ ዕድል ነው፤ የሰው ድካም ምን ይለውጣል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሁሉ እንዲያው በአጋጣሚ የሚሆን ነው፤ ዓለም ሥርዓትም ጠባቂም የለውም» ይላል። የመጀመሪያው አሳብ ሰውን ከሥራና ከንስሐ ያሰናብተዋል፤ ሁለተኛው ከጸሎትና ከተስፋ ያሰናብተዋል። እንዲህም ሁለቱ በተለያየ መንገድ ሄደው በአንድ ገደል ይገናኛሉ።

በዘመናችን ያሉ የሒሳብና የተፈጥሮ ሊቃውንት «ካኦስ» ብለው የሰየሙት ትምህርት ይህን የቆየ ጥያቄ በአዲስ መልክ አንሥቶታል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ በጥንት የግሪክ ባለቅኔዎች ዘንድ ዓለም ሳይዘጋጅ የነበረውን ባዶ ጥልቅ ያመለክት ነበር፤ በኋላ ግን መደበላለቅንና ሥርዓት ማጣትን የሚያመለክት ሆነ። ስሙን ብቻ የሰሙ ብዙዎች ሊቃውንቱ ዓለም ያለ ሥርዓት መሆኑን ያስረዱ መስሏቸዋል። ነገሩ ግን እንደ ስሙ አይደለም። ስለዚህ አስቀድመን ትምህርቱ እንዴት እንደተገኘ፥ ቀጥለን ምን እንደሚልና ምን እንደማይል፥ በመጨረሻም ለክርስቲያን ሕሊና የሚሰጠውን ጥቅም በየተራው እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. አስቀድሞ ስለሚታወቀው ነገር

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ትምህርት የፀሐይንና የጨረቃን አቆጣጠር አስማምተው፥ አበቅቴንና መጥቅዕን አውጥተው፥ ጾመ ነነዌ፥ ዐቢይ ጾምና በዓለ ትንሣኤ በየትኛው ቀን እንደሚውሉ ይናገራሉ። ንኡሱ ቀመር በ19 ዓመት፥ ዐቢዩ ቀመር በ532 ዓመት ይዞራልና፥ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ለሚወለዱ ሰዎች የፋሲካቸውን ቀን ዛሬ ቆጥሮ መንገር ይቻላል። ነገር ግን ይኸው የባሕረ ሐሳብ መምህር «የዛሬ ወር በዚህ ሰዓት በዚህ መንደር ዝናብ ይዘንባልን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። የአምስት መቶ ዓመቱን ፋሲካ የሚያውቅ ሰው የአንድ ወሩን ደመና አያውቅም። ፀሐይን የፈጠረና ደመናን የፈጠረ አንድ ነው፤ ሁለቱም በተሠራላቸው ሕግ ይሄዳሉ። እንግዲያ አንዱ የሚቆጠር፥ ሁለተኛው የማይቆጠር ስለ ምን ሆነ? የነገራችን ሥር ይህ ነው።

በአውሮፓ እንግሊዛዊው ይስሐቅ ኒውተን በ1687 ዓ.ም. ስለ ስበት ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ ሕግ ባሳተመው መጽሐፍ፥ በምድር ላይ የሚወድቀው ድንጋይና በሰማይ የምትዞረው ጨረቃ በአንድ ሕግ እንደሚገዙ አስረዳ። ከዚያ በኋላ የሒሳብ ሊቃውንት በሰማይ አካላት ላይ ያገኙት ድል እጅግ የሚያስደንቅ ነበር። ኤድመንድ ሃሌይ በስሙ የሚጠራው ጅራታም ኮከብ በ1758 ዓ.ም. ገደማ ተመልሶ እንደሚታይ ቆጥሮ ተናገረ፤ እርሱ በ1742 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ኮከቡ በ1758 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ታየ። በ1846 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ለቬሪዬ ማንም በውል ያላወቀውን ፕላኔት ስፍራ በወረቀት ላይ ቆጥሮ ወደ በርሊን ላከ፤ የበርሊኑ ሊቅ ጋለ ደብዳቤው በደረሰበት ሌሊት መነጽሩን ወደ ተነገረው ስፍራ ቢመልስ ዛሬ ኔፕቱን የምንለውን ፕላኔት አገኘ።

ይህን የመሰለው ድል የሰውን ልብ ከፍ ከፍ አደረገው። ፈረንሳዊው ላፕላስ በ1814 ዓ.ም. ስለ አጋጣሚ ሒሳብ በጻፈው መጽሐፍ፥ በአንዲት ቅጽበት የፍጥረትን ኃይሎች ሁሉና የእያንዳንዱን ቅንጣት ስፍራ የሚያውቅ አእምሮ ቢኖር፥ ኃላፊውም መጪውም ዘመን በፊቱ የተገለጠ ይሆንለታል አለ። እውነቱን ለመናገር ላፕላስ ራሱ የሰው አእምሮ ከዚህ እጅግ የራቀ መሆኑን አልካደም። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች «መሣሪያችን ከተሻሻለ፥ ቁጥራችን ከበዛ፥ ቀስ በቀስ ወደዚያ እንደርሳለን» ብለው ተስፋ አደረጉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ «እንኪያስ የሰው ፈቃድም እንደ ኮከብ የሚቆጠር ነው፤ በደለኛም ጻድቅም የለም» እስከ ማለት ደረሱ።

፪. ስለ ሦስቱ አካላት ጥያቄ

ሁለት አካላት ብቻ፥ ለምሳሌ አንድ ፀሐይና አንዲት ምድር፥ እርስ በርሳቸው ሲሳሳቡ የሚሄዱበት መንገድ ሙሉ በሙሉ ይታወቃል። ሦስተኛ ሲጨመር ግን ሒሳቡ ይከብዳል። የስዊድን ንጉሥ ዳግማዊ ኦስካር በ1889 ዓ.ም. 60 ዓመት የሚሞላቸው ስለሆነ፥ በስማቸው ለታላላቅ የሒሳብ ጥያቄዎች ሽልማት ታወጀ፤ ከጥያቄዎቹም አንዱ ይህን የሚመለከት ነበር። ሽልማቱን ፈረንሳዊው ሄንሪ ፖንካሬ አገኘ። ጽሑፉ በሚታተምበት ጊዜ ግን ፍራግመን የተባለ ወጣት የሒሳብ ሊቅ ግልጽ ያልሆኑ ቦታዎችን እየነቀሰ ቢጠይቀው፥ ፖንካሬ ነገሩን ደግሞ መረመረና በሥራው ውስጥ ትልቅ ስሕተት እንዳለበት አገኘ። የታተመው ተሰብስቦ ተወሰደ፤ እንደገና ለማሳተምም ፖንካሬ ከሽልማቱ የሚበልጥ ገንዘብ ከኪሱ ከፈለ።

በ1890 ዓ.ም. በወጣው በታረመው ሥራ ውስጥ፥ የሦስት አካላት መንገድ የሚታመን እስከማይመስል ድረስ የተወሳሰበ ሊሆን እንደሚችል ታየ። በ1908 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍም ይኸው ሊቅ ነገሩን ለሁሉ በሚገባ ቋንቋ አብራራው፤ ይኸውም በመነሻው ላይ ያለ እጅግ ትንሽ ልዩነት በፍጻሜው ላይ እጅግ ትልቅ ልዩነት ሊያመጣ ስለሚችል፥ ሕጉን እያወቅን እንኳ የሚሆነውን አስቀድመን ማወቅ ያቅተናል የሚል ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህ ዕውቀት የተገኘው አንድ ሊቅ ክብሩን ሳይሳሳ ስሕተቱን ስላረመ መሆኑን ልብ በል። ስሕተቱን ደብቆ ሽልማቱን ይዞ ቢቀመጥ ኖሮ እውነቱም ከእርሱ ጋር ተደብቆ በቀረ ነበር።

፫. ስለ አየር ጠባይ መርማሪው

የፖንካሬ ነገር ለብዙ ዘመን በጥቂቶች ዘንድ ብቻ ታውቆ ቆየ፤ ምክንያቱም እንደዚህ ያለውን ሒሳብ በእጅ መቁጠር ከሰው ዕድሜ በላይ ነበረ። የሒሳብ መኪና፥ ይኸውም ኮምፒዩተር፥ ከተሠራ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ኤድዋርድ ሎሬንዝ አስቀድሞ የሒሳብ ተማሪ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአየር ኃይል የአየር ጠባይ ተንባይ ሆኖ አገልግሏል። በ1961 ዓ.ም. 12 ቀመሮችን ለኮምፒዩተር ሰጥቶ የአየርን ጠባይ በምሳሌ ያስቆጥር ነበር። አንድ ቀን ቀደም ሲል የተቆጠረውን በረዥሙ ደግሞ ለማየት ፈልጎ፥ ከመካከሉ ጀምሮ ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ላይ አንብቦ አስገባ። ኮምፒዩተሩ በውስጡ 0.506127 ብሎ የያዘውን ቁጥር ወረቀቱ በአጭሩ 0.506 ብሎ አትሞት ነበር። ሎሬንዝም አጭሩን አስገብቶ፥ መኪናው እስኪቆጥር ድረስ ቡና ሊጠጣ ሄደ።

ተመልሶ ሲመጣ ያየው ነገር አስደነገጠው። አዲሱ ቁጥር በመጀመሪያ ከአሮጌው ጋር አብሮ ይሄድና፥ ጥቂት በጥቂት እየተለየ፥ በኋላ ፈጽሞ የማይመሳሰል የአየር ጠባይ ይሆናል። መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ የተበላሸ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን መኪናው አልተበላሸም፤ ቀመሩም አልተለወጠም። የተለወጠው ከሺህ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ቁጥር ብቻ ነበር። በ1963 ዓ.ም. ነገሩን ወደ ሦስት ቀመሮች አሳጥሮ አሳተመው። ያ ጽሑፍ ከአየር ጠባይ መርማሪዎች በቀር ብዙ አንባቢ ሳያገኝ ዓመታት አለፉ፤ በኋላ ግን የዚህ ትምህርት መሠረት ተባለ።

በ1972 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ሎሬንዝ በዋሽንግተን በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ንግግር ሲያደርግ፥ በብራዚል አንዲት ቢራቢሮ ክንፏን ብታርገበግብ በቴክሳስ ዐውሎ ነፋስ ታስነሣለችን? የሚል ርእስ ተሰጠው። ርእሱን ያወጣለት ሌላ ሰው ነው። የቢራቢሮይቱ ነገር በዓለም ሁሉ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ሲሆን፥ ሎሬንዝ በዚያው ንግግር የሰጠውን ማስጠንቀቂያ ግን ብዙዎች ዘንግተውታል። አንዲት ቢራቢሮ ዐውሎ ነፋስ ልታስነሣ የምትችል ከሆነች፥ በዚያው መጠን ልታስቀረው ትችላለች፤ ደግሞም ቢራቢሮዎቹ እልፍ አእላፍ ናቸው፤ ከእነርሱ የሚበልጥ ሥራ የምንሠራ እኛ ሰዎችም አለን ብሎ ነበር። ይህን ቃል እንያዘው፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

፬. ትንሹ ነገር እንዴት እንደሚያድግ

ነገሩ ሩቅ እንዳይመስል፥ አንባቢ በእርሳስና በወረቀት ሊያየው የሚችል ምሳሌ እናምጣ። አውስትራሊያዊው ሮበርት ሜይ በእንስሳት ብዛት ላይ ሲመራመር፥ እጅግ ቀላል የሆነ ቀመር ይህን ሁሉ ጠባይ እንደሚያሳይ በ1976 ዓ.ም. አስረዳ። ከዜሮ የሚበልጥ ከአንድ የሚያንስ ቁጥር ያዝ፤ ከአንድ ላይ ቀንሰው፤ የቀረውን በያዝከው ቁጥር አባዛ፤ የተገኘውን ደግሞ በ4 አባዛ። መልሱን ይዘህ እንደገና እንዲሁ አድርግ። በ0.3 ብንጀምር የመጀመሪያው መልስ 0.84 ይሆናል፤ በ0.301 ብንጀምር ወደ 0.842 ይጠጋል፤ ልዩነቱ የሚታይ አይደለም። በአራተኛው ጊዜ ፊተኛው 0.022፥ ሁለተኛው 0.018 ያህል ነው፤ አሁንም ጎረቤት ናቸው። በስምንተኛው ጊዜ ግን ፊተኛው 0.448፥ ሁለተኛው 0.719 ያህል ሆነው ተለያይተዋል። ሕጉ አንድ ነው፤ አንዳች አጋጣሚ አልገባበትም፤ ነገር ግን የመነሻው ትንሽ ልዩነት ፍጻሜውን ለያየው።

ምክንያቱም ስሕተቱ በመደመር ሳይሆን በመባዛት ስለሚያድግ ነው። አንድ ስሕተት በየጊዜው እጥፍ እየሆነ ቢሄድ በዐሥረኛው ጊዜ 1,024 እጥፍ፥ በሃያኛው ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ሰው በብዙ ድካምና ወጪ መለኪያውን አንድ ሺህ ጊዜ የተሻለ ቢያደርገው፥ የሚያገኘው ትርፍ ስሕተቱ ዐሥር ጊዜ እስኪታጠፍ ድረስ ያለውን ዘመን ብቻ ነው። መለኪያው በሺህ ይባዛል፤ የሚታየው ዘመን ግን በጥቂቱ ይጨመራል። የአየር ጠባይ ሊቃውንት የየቀኑን ዝናብና ነፋስ ለይቶ መናገር ከሁለት ሳምንት ገደማ አያልፍም የሚሉት ስለዚህ ነው። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮም በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ታላላቅ የትንበያ ማዕከሎች አንድ ጊዜ ብቻ ቆጥረው አይተዉም፤ መነሻውን ጥቂት ጥቂት እየለዋወጡ ብዙ ጊዜ ይቆጥሩና፥ ከቁጥሮቹ ስንቱ ዝናብ እንዳሳየ ተመልክተው ይናገራሉ። ይህም የዕውቀትን ወሰን አውቆ፥ በወሰኑ ውስጥ በታማኝነት መሥራት ነው።

ይህ ነገር እስከ ሰማይ አካላት ድረስ ደረሰ። ፈረንሳዊው ዣክ ላስካር በ1989 ዓ.ም. የፕላኔቶችን መንገድ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኮምፒዩተር ቢያስቆጥር፥ እነርሱም ከዚህ ጠባይ ነጻ አለመሆናቸውን አገኘ። ዛሬ የምድርን ስፍራ ስንለካ 15 ሜትር ብንሳሳት፥ ስሕተቱ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በኋላ 150 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል፤ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፥ ማለት ምድር ከፀሐይ የምትርቀውን ያህል ይሆናል። ቀድሞ የጠየቅነው ጥያቄ እነሆ መልሱን አገኘ። በፀሐይና በደመና መካከል ያለው ልዩነት የሕግ መኖርና አለመኖር አይደለም፤ ስሕተቱ የሚያድግበት ፍጥነት ነው። በደመና በቀናት፥ በፕላኔት በሚሊዮን ዓመታት ያድጋል።

፭. ትምህርቱ ስለማይለው ነገር

አንደኛ፥ ይህ ትምህርት ዓለም ሕግ የለውም አይልም። ከላይ ያየነው ቀመር አንድ ጊዜ እንኳ ከሥርዓቱ አልወጣም። ደግሞም እነዚህ ነገሮች በማይታወቅ መንገድ ይሂዱ እንጂ ከወሰናቸው አይወጡም። የሎሬንዝ ሦስት ቀመሮች በሥዕል ሲገለጹ ሁለት ክንፍ ያለው ቅርጽ ይሆናሉ፤ መንገዱ በየጊዜው ከአንዱ ክንፍ ወደ ሁለተኛው መቼ እንደሚሻገር አይታወቅም፤ ከቅርጹ ግን ወጥቶ አይጠፋም። ገበሬ በሐምሌ 10 ቀን ዝናቡ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ አያውቅም፤ ክረምት ከበጋ በኋላ እንደሚመጣ ግን ያውቃል፤ በዚያም ታምኖ ያርሳል።

ሁለተኛ፥ ትንሽ ነገር ሁሉ ትልቅ ይሆናል አይልም። በገበቴ ውስጥ የተጣለች ድብልብል ድንጋይ በየትም በኩል ብትጣል ተንከባላ መካከሉ ላይ ታርፋለች፤ የመነሻዋ ልዩነት ይጠፋል። በፍጥረት ውስጥ ትንሹን ነገር የሚያሳድግም የሚያጠፋም አለ።

ሦስተኛ፥ ለእምነታችን የሚቆረቆሩ አንዳንድ ሰዎች እንደሚመኙት፥ ይህ ሒሳብ የእግዚአብሔርን መግቦት ወይም የሰውን ነጻ ፈቃድ በቁጥር አያስረዳም። ቀመሩ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ መነሻውን ፍጹም አድርጎ ለሚያውቅ ፍጻሜው የታወቀ ነው። ስለዚህ የላፕላስን አሳብ ከሥሩ አልነቀለውም፤ ለሰው የሰጠውን ተስፋ ግን ወሰደበት። መነሻውን ሁሉ ያለ አንዳች ጉድለት ማወቅ ለፍጡር አልተሰጠምና። የሰው ፈቃድ ነጻ መሆኑን የምናውቀው ከቀመር አይደለም፤ ሕግ ስለ ተሰጠን፥ ንስሐ ስለ ተሰበከልን፥ ሕሊናችንም ስለሚወቅሰን ነው። እምነትን በየዘመኑ በሚለዋወጥ ትምህርት ላይ መመሥረት ቤትን በአሸዋ ላይ እንደመሥራት ነው። ዕውቀት ሊያደርግልን የሚችለው የሐሰት መከራከሪያን ማስወገድ ነው፤ ይህም ቢሆን ቀላል ጥቅም አይደለም።

፮. ለሕሊና የሚሰጠው ጥቅም

ስለ ኮከብ ቆጣሪዎች። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት በሰበከው ስብከት፥ የሰውን ዕድል ከተወለደበት ሰዓት እናወጣለን የሚሉትን በራሳቸው ሒሳብ ረትቷቸዋል። እነርሱ ሰማይን በዐሥራ ሁለት ከፍለው፥ ክፍሉን እንደገና በሠላሳ፥ ያንንም በስድሳ እየከፋፈሉ፥ ጥቂት ቅጽበት ዕድልን ይለውጣል ይላሉ። ሕፃኑ ሲወለድ ግን አዋላጂቱ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን እስክታይ፥ ጩኸቱን እስክትሰማ፥ ለኮከብ ቆጣሪውም እስኪነገረው ድረስ ያ ቅጽበት አልፏል። እንግዲያ ዕድሉ በቅጽበት የሚለወጥ ከሆነ ቅጽበቱን አታውቁትም፤ የማይለወጥ ከሆነ ደግሞ መከፋፈላችሁ ከንቱ ነው ማለቱ ነው። ይህ ቅዱስ የመነሻ ስሕተት ትንቢትን እንዴት እንደሚያፈርስ ከሎሬንዝ ከዐሥራ አምስት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ አስተውሎታል። ዛሬም በአገራችን ስምና የእናት ስም አስቆጥረው፥ ኮከብ አስወጥተው፥ ጋብቻ የሚያፈርሱና ልጅ የሚጠሉ ሰዎች አሉ። በታላላቅ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩ ሊቃውንት የአንድ ወሩን ደመና መናገር ካልቻሉ፥ ባለ ዐውደ ነገሥቱ የሰውን ሕይወት ሙሉ ከወዴት ያየዋል?

ስለ ትንሽ ሥራ። ሰው ብዙ ጊዜ «የእኔ አንድ ቃል፥ የእኔ አንድ ሳንቲም፥ የእኔ አንድ ሰዓት ምን ያደርጋል?» እያለ መልካም ሥራን ይተዋል፤ ክፉውንም ይዳፈራል። ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ አንደበት ሲያስተምር የትንሽ እሳትን ምሳሌ ያመጣው፥ ጌታችንም መንግሥተ ሰማያትን በሰናፍጭ ቅንጣት የመሰላት፥ ትንሹ ነገር እንዳይናቅ ነው። በሐሜት የተጣለ አንድ ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ተናጋሪው አያውቅም፤ ለተስፋ ቢስ የተነገረ አንድ የማጽናኛ ቃልም እንዲሁ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ዘሪው ከዘራው ውስጥ የትኛዪቱ ቅንጣት ብዙ እንደምታፈራ ስለማያውቅ መዝራትን አይተውም፤ ይልቁንም ሁሉን ይዘራል።

ስለ ጸጸት። ከሁሉ ይልቅ ልናገረው የምፈልገው ይህን ነው። በንስሐ አባትነት የሚያገለግሉ ካህናት ሁሉ የሚያውቁት አንድ ኀዘን አለ። ልጇ በመንገድ አደጋ የሞተባት እናት «ያን ጠዋት ባልላክሁት ኖሮ» እያለች ዓመት ሙሉ ታለቅሳለች። አንዱ «ያን ቀን ስልክ ብደውልለት ኖሮ ወንድሜ አይሄድም ነበር» ይላል። ሌላው «ወደዚያ አገር ሂድ ብዬ የመከርሁት እኔ ነኝ» ይላል። እነዚህ ሰዎች ከእልፍ ምክንያት አንዱን፥ ያውም በእጃቸው ያለፈውን፥ ነቅሰው አውጥተው «ነፍሰ ገዳዩ ይህ ነው» ብለው ራሳቸውን ይከስሳሉ። አጽናኞቻቸውም አንዳንድ ጊዜ «ዕድሉ ነው» ከማለት በቀር የሚሉት ያጣሉ፤ ያም ቃል ልብን አያሳርፍም፤ እግዚአብሔርን ጨካኝ አስመስሎ ያሳያልና።

ስለዚህ ቀድሞ ያዝነው የሎሬንዝ ቃል እዚህ ይጠቅመናል። ያቺ እናት ልጇን ባትልከው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበረ ማንም አያውቅም። ሹፌሩ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ባያልፍ፥ በሬ መንገዱን ባይዘጋው፥ ጎረቤት በደጅ ሰላምታ ባያቆየው፥ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር፤ ከእነዚህም እያንዳንዱ እንደ እርሷ መላክ ያለ ምክንያት ነው። ደግሞም በሌላ ቀን ልኳው በሰላም የተመለሰባቸው ጊዜያት ስንት ናቸው? ምናልባትም አንድ ቀን በመላኳ ሳታውቀው ከሞት አድናው ይሆናል። ምክንያት መሆንና በደለኛ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በደል የሚገኘው በፈቃድና ሊታወቅ በሚገባው ነገር ላይ ነው፤ ምክንያት ግን ቢራቢሮም ትሆናለች። እናት ልጇን እንጀራ ግዛ ብላ ስትልክ ፈቃዷ ፍቅር ነው፤ የምትጠየቀውም በፍቅሯ ነው። ጌታችንም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፥ ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ስለሆኑ ነው የሚለውን አሳብ እንዳልተቀበለ በሉቃስ ወንጌል ተጽፏል። ሰሚዎቹን የመለሳቸው የራሳቸውን ንስሐ ወደ መመልከት ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ፍጻሜውን ካላወቅሁ የፈለግሁትን ባደርግ አልጠየቅም» የሚል ቢኖር ስቷል። የኦሪት ሕግ በዚህ ነገር ሁለት ፍርድ አኑሮልናል። ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ሄዶ የምሳሩ ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፥ አስቀድሞ ጠላቱ ካልነበረ፥ ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ እንዲድን ታዝዟል። በዚያው በኦሪት ዘዳግም ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ከላይ ወድቆ የሚሞት ቢኖር ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፥ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። የምሳሩ ብረት ያልታሰበ ነገር ነው፤ የሰገነቱ መከታ ግን ሊታሰብ የሚገባው ነው። ፍትሐ ነገሥታችንም ወድዶ በገደለና ሳይወድድ በገደለ መካከል የሚለየው በዚህ መንገድ ነው። ሰክሮ መኪና የሚነዳ፥ የጎረቤቱን ጉድጓድ ሳይከድን የሚያድር፥ የተበላሸ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው «አጋጣሚ ነው» ሊል አይችልም፤ የእርሱ ሥራ ፍጻሜው ከሩቅ የሚታይ ነውና። ስለዚህ ሕሊናችንን ስንመረምር ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። ፈቃዴ ምን ነበር? ላውቀው የሚገባኝን ለማወቅ ተጋሁን? እነዚህን ሁለቱን በእውነት መልሰን በደል ካገኘን ንስሐ እንግባ፤ ካላገኘን ግን ያልሠራነውን ኃጢአት በራሳችን ላይ አንጫን። የሌለውን ኃጢአት መሸከም ትሕትና ይመስላል፤ በውስጡ ግን «ሁሉ በእጄ ነበረ» የሚል የተሰወረ አሳብ አለበት።

፯. ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ ትምህርት የምንወስደው ይህ ነው። ዓለም ሥርዓት አለው፤ የሥርዓቱ መኖር ግን ለሰው የፍጻሜውን ዕውቀት አይሰጠውም። በዕድል የሚያሳብበው ሰው የማያውቀውን አውቃለሁ ይላል፤ ሥርዓት የለም የሚለውም ያላየውን አይቻለሁ ይላል። ክርስቲያን በሁለቱ መካከል ቀጥ ያለውን መንገድ ይሄዳል፤ የሚታየውን በትጋት ይሠራል፥ የማይታየውን ለሚያየው ይተዋል። መነሻው ለእኛ ተሰጥቶናል፤ ዛሬ የምንናገረው ቃል፥ የምንዘረጋው እጅ፥ የምንከድነው ጉድጓድ በፊታችን ነው። ፍጻሜው ግን የድንቢጥን መውደቅ እንኳ በማይዘነጋው በአባታችን እጅ ነው። በእርሱ ዘንድ ትንሽ ተብሎ የሚናቅ ነገር የለም፤ ከዕውቀቱም የሚያመልጥ ምክንያት የለም። ስለዚህ ያዘኑትን እናጽናና፤ የተኙትን እናንቃ፤ ትንሹንም ሥራ በንጹሕ ፈቃድ እንሥራ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።